ነክሶ ይቅርታ የሚጠይቅ ሮማን

ሮማን ሁሉ አንድ ነው የምትሉ ካላችሁ እስቲ መርሳ ድረስ ኑና ይህንኑ ቃል እትዬ ተዋበች ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ ተናገሩት። እኔ አብሬያችሁ አልቆምም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኜ አያችኋለሁ። እሳቸው ሲጨርሷችሁ ብቻ ውኃ ይዤ እመጣለሁ።

እኔ ራሴ ድሮ እንደናንተው ነበርኩ። ሮማን ማለት ለኔ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲገኝ የሚበላ፣ ባለቤቱ ብቅ ሲል ደግሞ ተይዞ የሚሮጥ ነገር ነበር። በዚያ በጦርነቱ መስከረም ግን ሳላስበው የሮማን ዳኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው። ዳኝነቱ የቆምኩበት፣ የሮጥኩበት፣ የወደቅኩበትና በመጨረሻም አራት ወንዶች በሳንቃ የተሸከሙኝ ዳኝነት ነው።

ያን ጊዜ መርሳ የነበረ ሰው ሁኔታውን ያውቀዋል። ያልነበረ ደግሞ እንዲህ ብሎ ያስበው፦ መኪና የለም፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም። መጀመሪያ ስኳር ጠፋ፤ ቀጥሎ ሳሙና ጠፋ፤ ጨው ደግሞ ትንሽ ካመነታ በኋላ ተከተላቸው። የተረፈን ወሬና ሮማን ብቻ ነበር። በደህናው ጊዜ የመርሳ ሮማን አውቶቡስ መስኮት ላይ ነበር የሚያልቀው። መንገደኛው አንገቱን ያወጣል፣ ልጆች ይሻማሉ፣ አውቶቡሱ ሲነሳ መልስ ያልተቀበለው ይጮኻል። ያን ዓመት አውቶቡስ የለ፣ መንገደኛ የለ። ለዛፎቹ ግን ይህን የነገራቸው ስላልነበረ ቅርንጫፋቸው መሬት እስኪነካ አፈሩ።

ወደ ቤታችን እንግባ። ወንድሜ ሰዒድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። «ኮምቦልቻ ጭነት አድርሼ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ እንደወጣ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። እሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ። ከኛ ጋር የቀረችው ነፍሰ ጡር ሚስቱ ዘምዘም ናት። ዘምዘም ስትስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ሳያውቀው አብሯት የሚስቅ ሴት ነበረች። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን ሳቋም ጠፋ፣ ምግብም እምቢ አላት። የጎረሰችው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ሆዷ ወደፊት እየሄደ እሷ ወደኋላ ትቀራለች።

ሰፈራችን የምትኖር ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ አለች። ደመወዝ ሳይኖር፣ መድኃኒት ሳይኖር፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ በየቀኑ ጤና ጣቢያ የምትገባ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ዘምዘምን አየቻትና እናቴን፣ እማን፣ ወደ ጓሮ ጠርታ እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ፣ ግሉኮስ የለኝም። ምንም የለኝም። እንዲህ እንደሆነች ከሰነበተች እሷም ልጁም ያሰጉኛል። አፏ የሚቀበለውን ነገር ፈልጉላት። ድንጋይ ብትልም ድንጋይ አምጡላት።»

እኔ ጓሮ የነበርኩት ለሥራ ነበር። ሥራዬ ማዳመጥ ነው።

እማ ተመልሳ ገብታ ዘምዘምን እጇን ይዛ ለመነቻት። «ልጄ፣ ምን ያምርሻል? ብቻ ንገሪኝ። ከሰማይ ቢሆን አወርደዋለሁ።»

«ሮማን» አለች ዘምዘም።

እማ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሮማን! መርሳ ላይ! እኔ ከበሩ ወጥቼ ተመልሼ ስገባ ሮማን ይዤ ነበር፤ ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ዘምዘም አንዲት ፍሬ ጎርሳ መልሳ መዳፏ ላይ ተፋችው።

«ይኼ አይደለም።»

«ሮማን ነው እኮ ዘምዙ!»

«ሮማንማ ነው። ያ ግን አይደለም።»

«የቱ?»

ዓይኗን ጨፈነች። «ሰዒድ ባጨኝ ሰሞን ከሐራ ሲመለስ መንገድ ላይ ገዝቶ ያመጣልኝ። መጀመሪያ ይነክስሻል፤ እዚህ ጆሮሽ ሥር። ዓይንሽን ያስጨፍንሻል። ልትተፊው ስትዪ ደግሞ ቀስ ብሎ ይጣፍጥና ይቅርታ ይጠይቅሻል።»

እኔና እማ ተያየን።

«ሱብሃነላህ» አለች እማ። «ሮማን ነው ወይስ ባል?»

እንዲህ እያወሩ ሳለ የዘምዘም እጅ ወደ ጆሮዋ ሥር ሄደ። እማ ፈጥና እጇን መታቻት። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ነፍሰ ጡር አምሮቷ ሳይወጣላት ገላዋን ከነካች ልጁ እዚያው የነካችበት ቦታ ላይ ያማራትን ነገር ምልክት ይዞ ይወለዳል። እናቴ ደግሞ የልጅ ልጇ ጉንጩ ላይ ሮማን ተሸክሞ ሲያድግ ታይቷት እንቅልፍ አጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሁለት ድምፅ ብቻ ይሰማበት ጀመር፤ የእማ «እጅሽን!» እና የዘምዘም «ኧረ አሳከከኝ እማ!»

«ካሳከከሽ መቀመጫሽን እከኪ! እዚያ ያለውን ሮማን ማንም አያየውም!»

ይህን የሰማሁ ጊዜ ነው ራሴን የሾምኩት። ትምህርት የለ፣ ፈተና የለ፤ እግር አለኝ፣ ምላስ አለኝ። መርሳ ውስጥ ያለውን ሮማን ሁሉ ቀምሼ ነክሶ ይቅርታ የሚጠይቀውን አመጣለሁ አልኩ። አጃቢዬ ጓደኛዬ ብርቱካን ነበረች። አዎ፣ ብርቱካን ናት ስሟ፤ ሮማን ልታስመርጥ የሄደችው ብርቱካን ናት። በየሄድንበት በዚህ ስቀውብን ስለጨረሱ እናንተ ይቅርባችሁ።

መጀመሪያ የሄድነው እትዬ ተዋበች ዘንድ ነው። እትዬ ተዋበች ባለሱቅ ናቸው። ሱቃቸው በዚያ ወቅት ክብሪትና እሳቸው ብቻ የነበሩበት ቢሆንም ጠዋት ከፍተው ማታ ይዘጋሉ። ሮማናቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ቆዳው ገረጣ ያለ፣ ፍሬው ነጣ ብሎ ሮዝ የሚል፣ ውኃ የሞላው ነው።

«ለነፍሰ ጡርማ ማን ይከለክላል፣ በእመቤቴ!» አሉና ከላይ ያለውን ትልቁን በእጃቸው ቆረጡልን። «ስኳር ናፈቀኝ የሚል ሰው ወደኔ ይምጣ። ይኼ ሮማን አይደለም፤ ሻይ ነው!»

እውነታቸውን ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ጣፍጦ የሚያቆም ሳይሆን ሲጣፍጥ፣ ሲጣፍጥ፣ ሲጣፍጥ አንተን ረስቶ ብቻውን የሚሄድ ጣፋጭ። ለዘምዘም ወሰድኩላት። ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼ ከመጀመሪያው ይቅርታ ብቻ ነው። ምንም ሳያደርገኝ ይቅርታ ይጠይቀኛል።»

ሁለተኛው የጋሼ አሰፋ ነው። ጋሼ አሰፋ መካኒክ ናቸው። ዛፋቸው ጋራዡ መካከል፣ ሞተር የሌላት ላንድሮቨር አጠገብ የበቀለ ነው። መኪና ስለሌለ ሥራ የላቸውም፤ እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አይችልምና ዛፉን እንደ መኪና ሲያገላብጡት ይውላሉ። ቅርንጫፉን በሽቦ ወጥረውታል። ሥሩን በጎማ ከበውታል። የሮማናቸው ፍሬ ግን ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ቀይ ነው፤ ከቀይም የጠቆረ ቀይ። ጎረስኩ። መጀመሪያ ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን ከጉሮሮ ሥር አንድ የማውቀው ነገር መጣ። አሰብኩ፣ አሰብኩና አወቅኩት፤ የወንድሜ የሥራ ቱታ ሽታ ነው።

ወጥተን ትንሽ ራቅ እንዳልን ለብርቱካን «ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አልኳት። የእትዬ ተዋበችን ደግሞ «ውኃ ነው» ብያት ነበር። አያችሁ፣ ለብርቱካን መናገር ማለት ስልክ በሌለበት ዘመን መደወል ማለት ነው። ኔትወርኩ የተቋረጠው የመንግሥት እንጂ የሷ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያማ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የዘምዘም አምሮት በከተማው ተሰማ። ሌላ የሚወራው ነገር ሁሉ የሚያስጨንቅ ስለነበር ሰው ይቺን ወሬ እንደ ድግስ ተቀበላት። በየመንገዱ ሰው ሮማን ይዞ ያስቆመኝ ጀመር። አንደኛዋ ፍሬው ጠጠር የሆነ ትሰጠኛለች፤ ሳኝከው ለራሴ ጆሮ ወፍጮ ቤት ይመስላል። አንደኛው ማር ነው ብሎ የማር የማር የሚሸት ያመጣል፤ ለካ አጠገቡ ቀፎ አለ። አንዷ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ አንዷ ጭንቅላቴን የሚያህል። ሁሉንም እቀምሳለሁ፣ ጥሩ ጥሩውን ለዘምዘም እወስዳለሁ፤ ዘምዘም ራሷን ትነቀንቃለች፤ እማ «እጅሽን!» ትላለች። ጣቶቼ ጠቆሩ። ከንፈሬ ጠቆረ። ሆዴማ... ሮማን የበዛበት ሆድ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔም ልክ እንደ ከተማችን መንገድ ተዘጋሁ፤ ገቢ እንጂ ወጪ የለም።

በዚህ መካከል የዘምዘም ጉንጭ ይበልጥ ጎደጎደ። ከአልጋዋ ተነስታ በር ድረስ ለመድረስ ግድግዳውን ይዛ ታርፍ ጀመር። አንድ ቀን የሰዒድን ጃኬት አንገቷ ላይ ጠምጥማ ተኝታ አየኋትና ቀልዱ ከአፌ ጠፋ። ሮማኑ ከነገ ወዲያ ሳይሆን ዛሬ መገኘት ነበረበት።

እንግዲህ ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ሳሙና ስለጠፋ የሚታጠብ ልብስ ሁሉ ክምር ሆኖ የቀረኝ ለኢድ የተገዛልኝ ነጭ ቀሚሴ ብቻ ነው። እሱን ለብሼ ከብርቱካን ጋር ስወጣ እትዬ ተዋበች ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ያዙኝ።

«ነይ እስቲ! ውኃ ነው አልሽ አሉ?»

«እኔ? እኔ እንኳን...»

«ማርያምን! እናትሽ ስትወልድሽ ገንፎ ያገነፋሁ ሰው ነኝ! የኔ ሮማን ውኃ?»

ብርቱካንን ዞሬ ሳያት ሰማዩን ታያለች። ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ከወዲያ ማዶ ጋሼ አሰፋ በእጃቸው ጠሩኝ። የእሳቸው ጥሪ ደግሞ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጸጥ ያለ ሰው ያስፈራኛል።

«ልጄ» አሉኝ ጋራዡ ውስጥ አስገብተው፣ «ናፍጣ ናፍጣ ይላል አልሽ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው እኮ...»

«ናፍጣ ቢኖረው ኖሮ ለሰው አበላው ነበር? መኪና ውስጥ ጨምሬ ደሴ እገባ ነበር!»

ይህን ካሉ በኋላ ያደረጉትን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ብረት የሚያስሩበትን ሞርሳ በአመድ ፈትገው፣ በፈላ ውኃ አጥበው፣ አብረቅርቀውታል። ከዛፉ አናት ያለውን ሮማን እየሰነጠቁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉና ሞርሳው ውስጥ አስገብተው እጀታውን ያዞሩት ጀመር። ጭማቂው ከሥር በተደገነው ጆግ ውስጥ ይንዠቀዠቃል። ጋሼ አሰፋ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሲያጠብቁ ነውና ፊታቸው በራ። ጆጉ ሞላ።

«ሂጂ ስጫት! ሳትቀምሺው! አንቺ ምላስሽ ተበላሽቷል።»

ጆጉን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ። ብርቱካን ከፊቴ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለች መንገድ ታስለቅቃለች። ከእትዬ ተዋበች ሱቅ ፊት ለፊት ስደርስ ከወደ ሐራ በኩል «ዱም!» አለ።

ሩቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሩቁን ከቅርቡ ለይቶ የሚቆም ሰው የለም፤ «ዱም» ካለ መሬት ነው። ገበያተኛው ሁሉ ዘጭ አለ። እኔም እንደተማርኩት በደረቴ ተኛሁ። የረሳሁት ደረቴ ላይ ጆግ መኖሩን ነው።

ድምፁ አልደገመም። ሰው አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ።

ብርቱካን አየችኝ። አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም፤ ሲወጣ ግን ግራና ከተማ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

«ወይኔ ጓደኛዬን! ተመታችብኝ!»

ወደ ራሴ ዝቅ ብዬ አየሁ። ከአገጬ እስከ ጉልበቴ ያ ከቀይም የጠቆረ ቀይ ይንጠባጠባል። የሚያስቀው እኔም ደነገጥኩ፤ ለቅጽበት ራሴን ዳበስኩ።

«ሮማን ነው!» አልኩ። «ኧረ ሮማን ነው!»

ማን ይስማኝ! እትዬ ተዋበች ከሱቃቸው ዘለው ወጥተው አቀፉኝና መሬት አስተኙኝ። ለክፉ ቀን ብለው ሸሽገውት የነበረውን አቡጀዲ ይዘው መጥተው ከትከሻዬ እስከ ዳሌዬ ከነእጄ ይጠቀልሉኝ ጀመር። ያጠብቁታል ደግሞ! ሮማን የነፋው ሆዴ ላይ!

«እትዬ፣ ሮማን ነው እኮ! የጋሼ አሰፋ ሮማን!»

«ምን ትላለች?» አለ አንድ ሰው።

«ሮማን ትላለች፣ ምስኪን። ቃዠች።»

«ወይኔ!» እትዬ ተዋበች ደረታቸውን መቱ። «ውኃ ነው ስላለች ተቆጣኋት! ውኃ ይሁን ልጄ! ውኃ ነው በዪ! ብቻ ተነሺልኝ!»

ልነሳ ስል ደግሞ «ተኚ! ደሙ ይበዛል!» ብለው መልሰው ይጫኑኛል።

እውነቱ የገባው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ጋሼ አሰፋ ከጋራዣቸው እየሮጡ መጡና የተሰነጠቀውን ጆግ ከመሬት አነሱ። «ጆጉ! ያ ሁሉ ጭማቂ!» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«አንተ ሰውዬ!» አለቻቸው አንዲት ሴት። «ልጅ ወድቃ ለጆግ ታለቅሳለህ? ፈጣሪን አትፈራም?»

የእትዬ ተዋበች ሱቅ መዝጊያ ሳንቃ ተነቅሎ እኔ እላዩ ላይ ተጋደምኩ። አራት ወንዶች አነሱኝ። ከፊት በቀኝ በኩል የያዙት አያ ይመር የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ከግራና ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር ለገበያ በእግራቸው የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ከረጢት አለ። እየተሸከሙኝ ቁርኣን ይቀሩልኛል።

«አያ፣ ወላሂ ደህና ነኝ» አልኳቸው በቀስታ። «አንቱ እንኳን ስሙኝ።»

«አብሽሪ ልጄ። የተመታ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ። እውነት ለመናገር ደግሞ ሳንቃው ላይ ተጋድሞ ሰማይ እያዩ መሄድ ደስ ይላል። ከተማው ሁሉ ከኋላዬ ያለቅሳል። እገሌ ትወደኝ ነበር እንዴ፣ እገሌስ እንዲህ ያለቅስልኛል እንዴ እያልኩ በየተራ እያየሁ ሄድኩ። አንድ ሮማን የሰረቅኳቸው ሴትዮ እንኳ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጤና ጣቢያ ደርሰን አልጋ ላይ ሳርፍ ሲስተር አልማዝ ሰዉን ገፋ አድርጋ መቀስ አነሳች። የአቡጀዲው ጥግ ሲቀደድ እትዬ ተዋበች እሳቸው የተቀደዱ ይመስል «እህ!» አሉ። ሲስተር እጇን አስገብታ ከላይ ዳበሰች፤ ከታች ዳበሰች፤ ጀርባዬን ዳበሰች። ቆመች። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከዚያ፣ ክፍሉ ሁሉ እያያት፣ ጣቷን ላሰችው።

«ሮማን ነው» አለች።

 ጋሼ አሰፋ ከበሩ «አላልኳችሁም?» አሉ።

ሲስተር አልማዝ እንደገና ላሰችው። «ትንሽ ግን... ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

እኔ ምንም አላልኩም! እግዜር ያሳያችሁ፣ አላህም ያሳያችሁ፣ ዝም ነው ያልኩት! ሳቁ ግን ከሁሉም በኩል ፈነዳ፤ ያለቀሱት ሁሉ በዚያው ዕንባ ሳቁ። እትዬ ተዋበች እየሳቁም እያለቀሱም በጥፊ ሊመቱኝ ሲሉ በሩ ተበረገደ።

ዘምዘም ናት። እማ ከኋላዋ ትሮጣለች። ከአልጋዋ በር ድረስ ሳታርፍ የማትደርሰው ዘምዘም «ልጅቷ ተመታች» ሲሏት በባዶ እግሯ ከሰፈር እስከ ጤና ጣቢያ ሮጣ መጥታለች። ቀዩን ቀሚሴን አየች። ከዚያ የሚስቀውን ሰው አየች። ምን እንደሆነ ሳይገባት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወረደች። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

ሳቁ ቆመ። ሲስተር አልማዝ ትታኝ ወደሷ ሮጠች፤ እጇን ያዘች፤ ሆዷ ላይ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ውኃ! ቶሎ ውኃ!»

ጀሪካኑ ተዘቀዘቀ፤ ጠብታ የለውም። ሰው ለውኃ ሮጠ። እማ ከዘምዘም እግር ሥር ተቀምጣ «ልጄ፣ ልጄ» ትላለች። እኔ ከአልጋው ልነሳ ስል አቡጀዲው እጄን ከጎኔ ጋር አስሮ ይዞኛል።

በዚህ ጊዜ አያ ይመር ከጥግ ተነሱ። ከረጢታቸው ውስጥ እጃቸውን ከተው አንዲት ትንሽ፣ ፀሐይ ያነደዳት፣ ጎኗ የተሰነጠቀ ሮማን አወጡ። በአውራ ጣታቸው ለሁለት ከፈሏት።

«እስቲ ውኃው እስኪመጣ ይቺን ምጠጪ። ለመንገድ ጥም ነው የምይዛት። እንዲያው አፍሽን ታርስልሽ እንደሁ።»

ዘምዘም ዓይኗን ሳትገልጥ ነከሰች።

ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ። ፊቷ ተጨማደደ። አፏን ዘግታ እንደዚያው ቀረች። እጇ ተነስቶ ወደ ጆሮዋ ሥር ሄደ። እማ በልማድ እጇን ልትመታ ክንዷን አነሳች።

«እማ፣ ነከሰኝ» አለች ዘምዘም።

 ጉንጮቿ ቀስ እያሉ ሲላሉ አየሁ። ዓይኗን ገለጠች። ዋጠች።

«ይቅርታ ጠየቀኝ።»

ሁለተኛዋን ጎረሰች። ሦስተኛዋን ጎረሰች። ከዚያ በኋላ መጉረስ አይባልም፤ ፊቷን ሮማኑ ውስጥ ከተተች። እኛ ይመለስ ይሆን ብለን ስንጠብቅ አልተመለሰም። ሲስተር አልማዝ እጇን አልለቀቀችም፤ «እሰይ፣ ቀስ፣ ቀስ» ትላታለች።

አያ ይመር ተሸማቀቁ። «አፉ በሉኝ፤ ይቺ እንኳን ለሰው የምትሰጥ አልነበረችም። ደጄ ላይ ያለችው ጎምዛዛዋ ናት። ነፍሰ ጡር ሮማን አማራት ሲባል ገበያ ላይ ሰምቻለሁ፤ ግን ይቺን ይዤ በምን ፊቴ እመጣለሁ? ጣፋጩን እስክለቅም ብዬ ነው።»

በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ነው የገባኝ። እኛ አገር ጎምዛዛ ሮማን ይዞ የሰው ቤት የሚሄድ የለም፤ ነውር ነው። ለጎረቤት የሚወጣው ጣፋጩ፣ ለራስ የሚቀረው ጎምዛዛው ነው። ከተማው ሁሉ የዘምዘምን ሮማን ጓሮው ውስጥ ደብቆ፣ ከልቡ አዝኖላት፣ ያማረውን እየመረጠ ሲያስርባት ኖሯል!

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ተዋበች ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም እኮ... ከሽንት ቤቱ ወዲያ አንድ አለችኝ። አፍረን ነው እንጂ ጥርስ ታጠርሳለች።»

«ጥርስ?» አሉ ጋሼ አሰፋ። «የኔ ሁለተኛዋ ዛፍ ብረት ትበላለች! ዝገት የማስለቅቀው በሷ ነው!»

«ይዋሻል!» አለች ሌላዋ፤ «የኔን ቀምሶ የወንድሜ ልጅ ሳምንት አፉን መዝጋት አቅቶት ነበር!»

«አፍ መዝጋት አቅቶት?» አለ ከኋላ ያለ ሰው። «የኔን የቀመሰ መክፈት ነው የሚያቅተው!»

ባንድ አፍታ ክፍሉ በጎምዛዛ ፉክክር ተሞላ። ሰሞኑን ሻይ ነው፣ ማር ነው ሲሉ የነበሩ ሰዎች የገዛ ሮማናቸውን እያዋረዱ፣ እየጮኹ ወደየጓሯቸው ሮጡ። ብርቱካን ከፊታቸው ነበረች።

እማ ግን አልሮጠችም። እኔ ተመታሁ ተብሎ ስትሮጥ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ሰዒድ ከቀረ ወዲህም ስታለቅስ አላየኋትም። አሁን ያቺ ልትመታ ያነሳችው ክንዷ በአየር ላይ እንደቆመች ቀርታ፣ ቀስ ብላ ወርዳ የዘምዘም ጉልበት ላይ አረፈችና፣ እማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። አያ ይመር ዞር ብለው በመስኮቱ ያዩ ጀመር።

ዘምዘም የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች ከቅርፊቱ በጥርሷ እየለቀመች ነው። አገጯ ቀልቷል፤ እኔን መስላለች። ከስንት ቀን በኋላ ዓይኗ ውስጥ ያ የድሮው ተንኮል ብልጭ ሲል አየሁ። ከተማውን ሁሉ ስቀምስ ሰንብቼ ይቺኛዋን ብቻ አለመቅመሴ ትዝ ሲለኝ ምራቄ ሞላ። እጄ እንደታሰረ ከአልጋው ላይ አንገቴን ዘረጋሁ።

«ዘምዙ፣ እንደው አንዲት ፍሬ...»

አፏ እንደሞላ ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንቺ ቁስለኛ አይደለሽ?» አለች። «ተኚ!»